የሼህ እንድሪስ የረጀብ ሸንጎ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ነበር። ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ፓርላማው የአሠራር ደንቡን ሊያሻሽል ነው፤ የዓመት የሥራ ጊዜውንም እንደገና ሊደለድል ነው፤ አባላቱ መቼ አዲስ አበባ እንደሚቀመጡ፣ መቼ ወደ መረጣቸው ሕዝብ እንደሚወርዱ ሊነጋገሩበት ነው ይላል ዜናው። ማንም ልብ ብሎ አልሰማውም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች፤ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በጤፍ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ብቻዬን ስስቅ ልጅቷ ዘወር ብላ አየችኝና ወደ በሩ ሸሸት አለች። አላበድኩም ልጄ፣ ይህን ነገር ድሮ በዚህ እጄ ጽፌው ስለማውቅ ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። ስድሳ የደፈነች፣ ነጠላዋን የተከናነበች ጡረተኛ ተነስታ የአገር ሸንጎ የጊዜ ሰሌዳ አንዴ አበላሽቼ ነበር ብትል ማን ያምናታል። ወደ መርሳ የምሄደውም ለዚያው ጉዳይ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ከድሮ ስለሚጀምር ከድሮው ልጀምር።

ያን ጊዜ መርሳ አንድ ረጅም መንገድ ነበረች ብል አላጋነንኩም። ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ በአንድ በኩል ይገባል፣ ወደ ደሴ የሚሄደው በሌላው በኩል ይወጣል፤ ከተማዋ በሁለቱ መሀል ብርቱካንና ሙዝ ስትሸጥ ትውላለች። ብርቱካኑ አምስቱ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ሻጯ ፊትሽን ከወደደችው ስድስተኛውን ትጨምርልሻለች። ሻይ አስራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አስር ሳንቲም፤ በሃያ አምስት ሳንቲም ቁርሴን በልቼ ቢሮ እገባ ነበር። ገበሬው ሽርጡን አገልድሞ፣ ከላይ ካኪ ኮት ደርቦ፣ እግሩን በረባሶ ውስጥ ሰክቶ ይመጣል። አስተማሪዎቹ ደግሞ ፋሽኑ አዲስ አበባ ላይ ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላም ቦላሌያቸውን አልተዉም ነበር፤ በበጋ የመርሳን አቧራ የሚጠርገው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን የእነሱ ሱሪ ነው እንባባል ነበር። እኔ ከጉልበት ዝቅ የሚል ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ፣ ከሥር ኮንጎ ጫማ። ኮንጎው በጸሐይ ይግልና እግሬን ይቀቅለዋል፤ ቢሆንም ከጠረጴዛ ሥር ስለሚውል ማንም አያየውም። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጥግ ላይ ካለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ አምባሰል ይሰማል። ካሴቱ ብዙ ከመሰማቱ የተነሳ ክሩ ላልቶ ዘፋኙ መሀል ላይ እንደ ማንቀላፋት ይል ነበር፤ ባለቤቱ አውጥቶ በእስክሪብቶ ይጠቀልለውና መልሶ ይከተዋል። ዛሬ ያን ዜማ ጥርት ባለ ድምፅ ስሰማው የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ጦርነቱ ሰሜን ነው ይባል ነበር። ሰሜን ግን በየወሩ ወደ እኛ ይቀርብ ነበር። ሸራ የለበሱ መኪኖች በዚያችው አንድ መንገድ ሲያልፉ ገበያው ጸጥ ይላል፤ ካለፉ በኋላ ሰው ካቆመበት ዋጋ ይቀጥላል። ስለ ጦርነቱ የማስታውሰው ይህን ዝምታ ነው። የቀረውን ሌሎች ጽፈውታል።

እኔ የተወለድኩት ከወልድያ በላይ ደጋው ላይ ነው፤ ከክርስቲያን በቀር ጎረቤት አላውቅም ነበር። ታይፕ ወልድያ ተማርኩና መርሳ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ቤት የተከራየሁት እቴ ዘሀራ ግቢ ነበር። እቴ ዘሀራ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሳቅ የማይጠፋቸው ሴት ናቸው። ሲሰግዱ እንዳልረብሽ በእግሬ ጫፍ የምሄደውን እያዩ፣ አንቺየ፣ ሶላት እኮ እንቅልፍ አይደለም ይሉኝ ነበር። የእስልምናን ነገር ያወቅኳት ከእሳቸው ነው፤ እውቀቴም በጊዜው ጥቂት ነበረች። ይህን የምናገረው ለኋላው ጥፋቴ ምክንያት እንዲሆነኝ ነው።

ሼህ እንድሪስ ከመርሳ ወጣ ብሎ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው። በድንበርና በውኃ የተጣላ ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚሄደው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ስለዚህ ለአገሪቱ ሸንጎ ሰው ምረጡ ሲባል የወረዳችን የሀብሩ ሰው ሌላ ስም አልጠራም። ያኔ ፓርላማውን ሸንጎ ነበር የምንለው። ሼሁ ሽርጣቸውን በሱሪ ቀይረው፣ ኮት ተውሰው አዲስ አበባ ሄዱ። ሲመለሱ ግን ነገሩ እንዳሰቡት አልሆነም። የተጠሩት ማሽላ ሲቆረጥ ነበር፤ አዝመራቸውን ጎረቤት ሰበሰበላቸው። መጥተውም ስለ ሰሙት ነገር ሕዝቡን ሰብስበው እንዳይነግሩ፣ ሰዉ ሥራ ላይ ሆኖ የመጣላቸው ጥቂት ነው። የመጡትም ደስ አላላቸውም። ላክንዎት፣ ሄዱ፣ መጡ፤ ያልነውን አደረሱልን ወይ፣ የተባለውስ ምንድን ነው ብለው ያዟቸው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ሸንጎው እኛን ለመስማት ጊዜ ከሌለው የሚቀጥለው ዓመት እኛም ሰው አንልክም፣ እርስዎም የሀብሩ ሰው ነኝ ብለው እዚያ አይቀመጡ አሉ። ሼህ እንድሪስ ሌላ ስድብ ይችሉ ይሆናል፤ ይህን ግን አልቻሉም። በመጪው ስብሰባ ተነስቼ እናገራለሁ፣ ካልተናገርኩ አትላኩኝ ብለው በሕዝቡ ፊት ቃል ገቡ።

ቃላቸውን ወረቀት ላይ ለማስፈር የመጡት ወደ እኔ ነው። እሳቸው በዐረብኛ ፊደል አሳምረው ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አልተማሩም። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ማስጻፍ ጀመሩ። ሐሳቡ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሸንጎው በተሰበሰበ ቁጥር አዲስ ነገር ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ዓመት የቀረበው ጥያቄ ምን እንደደረሰ አንድ በአንድ ይነገር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዓመት አንድ ወር ሸንጎው ሥራውን አቁሞ አባላቱ ሁሉ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመለሱ፤ በዚያ ወር ሌላ ሥራ አይታዘዙ፤ ተቀምጠው ይስሙ፤ ወሩም ገበሬው አስቀድሞ እንዲያውቀው ለዘለዓለም የተቆረጠ ይሁን የሚል ነበር። ወሩ የቱ ይሁን ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም ሳያመነቱ፣ አውድማው ተነስቶ እርሻው ሳይጀመር፣ ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሁለት ሳምንት በፊትና ሁለት ሳምንት በኋላ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ ሙስሊሙም ሚካኤልና ገብርኤል እያለ ነው ቀን የሚቆጥረው። ረቂቁን አነበብኩላቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ፤ በማግሥቱ ጧት አውቶቡስ ላይ አምጪልኝ ብለው ሄዱ።

ጥፋቴ የመጣው በንጹህ ስገለብጥ ነው። ሁለት ካርቦን መሀል አድርጌ ወረቀቱን አስገባሁና ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እኒህ ሼህ ኪዳነ ምሕረትን የጠሩት ለእኔ ብለው ነው፣ ማተቤን አይተው፣ እንዲገባኝ ብለው ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሼህ በታቦት ስም ቀን ቆርጠው ቢነበብላቸው ሰው አይስቅም ወይ? እሳቸው ለእኔ ሃይማኖት ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኔ ለእሳቸው እንዴት አልጨነቅም? ሮጥ ብዬ ግቢ ሄድኩና እቴ ዘሀራን አሁን በእናንተ ምን ወር ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ረጀብ ገብቷል እኮ፣ ጨረቃዋን አላየሽም አሉኝ። የካቲት ገና መግባቱ ነበርና ቆጠርኩት። ሼሁ ያሉት አንድ ወር ከረጀብ ጋር አንድ ቀን እንኳ አይዛነፍም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና "በየዓመቱ የረጀብ ወር" ብዬ መታሁት። እንዲያውም ቀይ ሪባን ነበረኝና ረጀብ የምትለዋን ቃል በቀይ አደረግኳት። በማግሥቱ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆመው በዐረብኛ ፈረሙበት፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ያደረግኩትን ለእቴ ዘሀራ በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ሳቁና ሳቁና የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ "አንቺየ፣ ረጀብ እኮ በጨረቃ ነው የሚሄድ፤ በየዓመቱ አስር አስራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። የዛሬ አምስት ዓመት ማሽላ ቆረጣ ላይ ነው። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፣ በዝናቡ" አሉኝ። የረመዳን ጾም እንደሚዞር አውቅ ነበር፤ እንዴት ረጀብ እንደሚዞር አላሰብኩም? ሼሁ ለሕዝብ ቃል የገቡት ሥራ ለማይበዛበት ወር ነው፤ ወረቀቱ ግን ወሩን አዝመራ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ ረሃብ ላይ ይጥለዋል። ያውም ለዘለዓለም። ያውም በቀይ። በአገር ፊት ተነስተው የሚናገሩት አንዲት ንግግር ነበረቻቸው፤ እሷን አበላሸሁባቸው። ለራሴም አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። በዚያን ዘመን አሻጥር የሚሉት ቃል ነበር፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያልተባለ ቃል የጻፈች ታይፒስት ላይ ለመለጠፍ የሚከብድ ቃል አልነበረም።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ወልድያ ስልክ ልደውል ሄድኩ። መስመሩ ለሌላ ጉዳይ ተይዟል አሉኝና ግማሽ ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ጭኖ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሾፌር ደብዳቤ ሰጠሁ፤ ሼሁ የሚያርፉበትን ሰፈር አስረድቼ፣ በእናትህ ብዬ ለምኜ። ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርቱካን ብርቱካን እየሸተተ ተመለሰልኝ፤ ደሴ ላይ መኪናው ለሌላ ጭነት ተፈልጎ ሾፌሩ ወደ ታች አልወረደም ነበር። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ የሸንጎው ዜና ሲነበብ ስለ ሀብሩ አንድም ነገር የለም። ምግብ አልበላ አለኝ። እቴ ዘሀራ እንኳ ሳቃቸውን ተዉና ያጽናኑኝ ጀመር።

ሼህ እንድሪስ የመጡት መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው። መንገዱ ላይ መኪና ጠፍቶ ከውጫሌ ወዲህ በእግራቸው ነበር የመጡት። ቤታቸው ሳይገቡ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አቧራ እንደለበሱ ቢሮዬ መጡና እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ተነስቼ ቆምኩ።

"ትርንጎ፣ ረጀብን ማን አስገባው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ አባቴ።"

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ኪዳነ ምሕረትን ለእኔ ብለው የጠሩ መስሎኝ እንደሆነ፣ ሰው እንዳይስቅባቸው ፈርቼ እንደሆነ ተናገርኩ። ሼሁ መሬት መሬት እያዩ የሆነውን አንድ በአንድ አጫወቱኝ። ተራቸው ሲደርስ የሸንጎው ጸሐፊ ወረቀቱን አነበበው። ረጀብ የሚለው ቃል ሲነበብ እሳቸው ራሳቸው ደነገጡ። ከኋላ አንድ የተማረ ሰው ተነስቶ ይህ እኮ የጨረቃ ወር ነው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸንጎውን በክረምት ጭቃ ውስጥ ሊበትነው ነው ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ደግሞ ሳይስቅ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው፣ ሆን ተብሎ የተደረገ እንዳይሆን ይጣራ አለ። ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞሮ፣ የጽሕፈት ስህተት ከሆነ ይናገሩና ይታረም አላቸው። ስህተት ነው ቢሉ ነገሩ በአንዲት ቃል ያልቅ ነበር፤ ሐሳባቸውም ምናልባት ያልፍላቸው ነበር።

"ስህተት አይደለም አልኳቸው" አሉኝ ሼህ እንድሪስ። "ሁልጊዜ የካቲት ብንሄድ ሕዝባችንን የምናየው ጎተራው ሲሞላ ብቻ ነው። እንዴት ናችሁ ስንለው ደህና ነን ይለናል፤ እኛም ደህና ነው ብለን እንመለሳለን። ረጀብ ግን ይዞራል። አንዱን ዓመት አዝመራ ላይ ያደርሰናል፣ አንዱን ዓመት ዘር ላይ፣ አንዱን ዓመት ነሐሴ ላይ፣ እናት ለልጇ የምትሰጠው ሲያጥራት። ሰውን በሁሉም ወር ያላየ ወክዬዋለሁ አይበል አልኳቸው።"

ሳቁ ቆመ አሉኝ። ሰብሳቢውም ጉዳዩ ለጥናት ይቆይ ብሎ አሳለፈው። ጥናት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔም ዛሬም የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለምን እውነቱን አልተናገሩም፣ ታይፒስቷ ናት ቢሉ ምን ነበረ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከመጡ ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። "ያ ይጣራ ያለው ሰው ዓይኑ ጥሩ አልነበረም ልጅየ። አንቺን እዚያ ጥዬ ምን ይዤ ነው መርሳ የምገባው?" አሉኝ። ማልቀሴን አልደብቅም። እሳቸውም ትንሽ አስለቀሱኝና፣ በይ አሁን ውኃ ስጪኝ፣ ደግሞ በስንት ሰው ፊት ተናግሬአለሁና ረጀብ በገባ ቁጥር ተቀምጬ ሕዝቡን መስማት አለብኝ አሉ። እሳቸውን የማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር።

ጥናቱ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ። እኔ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ፤ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት በሚቀጥለው ዓመት ረጀብ መርሳ መድረስ አልቻልኩም። ብዙም ሳይቆይ ሸንጎው ራሱ ተበተነ፤ አዳራሹም ሌላ ስም፣ ሌላ ሰው ገባበት። ሼህ እንድሪስ ግን ተቀመጡ። አባል ሳይሆኑ፣ የላካቸው ሳይኖር፣ ረጀብ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግቢያቸው ውስጥ ሰው ይሰበሰባል። መጀመሪያ አምና የተባለው ምን እንደደረሰ ይነገራል፤ ከዚያ አዲሱ ይሰማል። የተባለውን ያስጻፉበትን ደብዳቤ በየዓመቱ ለተመረጠው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይልኩለታል። አንዳንዱ መጥቶ አብሯቸው ተቀመጠ፤ አንዳንዱ ደብዳቤውን የት እንዳደረሰው አላውቅም። እኔም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አንድም ረጀብ ቀርቼ አላውቅም። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒዩተር። በቀይ ግን ጽፌ አላውቅም።

ወሩም ዞረ። ማሽላ ቆረጣ ላይ ሲደርስ ሰው ማጭዱን አጠገቡ አስቀምጦ አጭር አጭሩን ተናግሮ ይሄዳል፤ በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር በአንድ ጧት አለቀ። ኅዳር ሚካኤል ላይ ሲገጥም ደገኞቹ ከንግሥ ወርደው ከእነ ነጭ ልብሳቸው መጡ፤ እቴ ዘሀራ ዛሬማ ሠርግ አስመሰላችሁት አሏቸው። ነሐሴ የደረሰበትን ዓመት ግን አልረሳውም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ሸራ ወጥረን ተቀመጥን። ሴቶቹ በየካቲት ሲጠየቁ ተናግረውት የማያውቁትን ነገር ያን ቀን አወጡት፤ ከየስድስቱ ቤት አራቱ ለዘር ያስቀመጡትን በልተውታል። ባሎቻቸው እንኳ ያልሰሙ ነበሩ። የጋራ የዘር ጎተራ የመጣው ከዚያ ስብሰባ ነው። በየአውድማው እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ያስቀምጣል፤ የቸገረው በክረምት ይወስዳል። ስንት ዓመት ሰው አኖረ። አስተማሪዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች መጥተው ሼሁን ይህን የሚዞር ወር እንዴት አሰቡት ይሏቸው ነበር። ሼሁ ፈገግ ብለው አላህ ነው ያመጣው ይላሉ። ያን ጊዜ እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀት አገላብጣለሁ። አንድ ቀን እናገረዋለሁ ስል ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ኋላ ደግሞ ብናገር የእሳቸውን ክብር የምቀንስ መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሼህ እንድሪስ በሰላም፣ በልጆቻቸው መሀል አረፉ። ምስጢሬም ከእኔ ጋር ቀረ።

ዘንድሮ ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ግቢያቸው ስደርስ ሰው ሞልቷል። የአሁኑ ጦርነት ከእኛ ከወጣ ገና ሁለት ሦስት ወሩ ነው፤ የግቢው በር በቆርቆሮ ተጠግኗል፣ የዘር ጎተራውም ባዶ ነው። ቢሆንም ሰው ተላቅሶ ጨርሶ ነበርና ጨዋታው ደህና ነው። ብርቱካኑም ጥሩ ይዟል። ስብሰባውን የሚመራው የሼሁ ልጅ ሰይድ ነው። የአምናው ተነግሮ እንዳለቀ አንድ ወጣት ገበሬ ተነሳ። ረጀብ ዞሮ ዞሮ ዘንድሮ ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት ጋር ገጥሟል፤ አሁን ለሁላችንም ይመቻል፤ ከእንግዲህ እዚሁ የካቲት ላይ ቢቆምልንስ አለ። ሌላው ተነስቶ ሼሁ በጥበብ ያቆሙትን እኛ አንነካም አለ። ወጣቱም አፍሮ ተቀመጠ። ነገሩ ልቤን ነካኝ። የእኔ ጥፋት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰውን በጭቃ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ያንን ልጅ አፉን ሊያሲዘው ነው? ሼሁም የሉ፤ የሚከፋቸውም የለም። ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁ።

"በጥበብ አይደለም። ስህተት ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው" አልኩ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ ስለ ቀዩ ሪባን፣ ሼሁም እኔን ለማዳን ሲሉ የተናገሩትን ሁሉ ተናገርኩ። በእኔ ጥፋት አትታሰሩ፣ የሚመቻችሁን አድርጉ ብዬ ጨረስኩ።

ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሳ።

"እቴ ትርንጎ፣ ይቀመጡ። እናውቃለን" አለኝ። "አባቴ በመጀመሪያው ረጀብ፣ አንቱ መንገድ ተዘግቶብዎት ሳይመጡ ነው የነገረን። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ የልጄ የትርንጎ ነው፤ እሷ ተሳስቼ ነው ብላ ታፍርበታለች፤ ራሷ እስክትናገር ድረስ ማንም እንዳያነሳባት አለን።"

ዙሪያዬን አየሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያን ዓመት ያልተወለዱት፣ ያ ወጣት ገበሬ ሳይቀር ይነቀንቃሉ። እቴ ዘሀራ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው በሳቅ ይነቃነቃል። እኔ ምስጢር የያዝኩ ሲመስለኝ፣ አንድ አገር ሰው ለእኔ ሲል ሠላሳ ሦስት ዓመት ምስጢር ይዞ ኖሯል። መቀመጫዬን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሰይድም ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ረጀብ ይዙር የሚል እጁን ያውጣ አለ። ወጣቱ ከሁሉም ቀድሞ አወጣ። የሌላው ሰው እጅ ሁሉ ከፍ ሲል የእኔ ብቻ ዘገየ፤ እንባዬን እየጠረግኩበት ነበርና።